የተማሪዋን ግጥም ማን ሰረዘው?

ጥያቄ፦

«ሰላም እህቴ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበቡም ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና፣ ግጥም፣ ቀልድ ያቀርባሉ። ከመቅረቡ በፊት የማየው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ውሃ ግጥም ጽፋ አመጣች። እንዲህ የሚል ነበረበት፦

ከቧንቧው ጠብ ሳይል ወሬው ብቻ ይፈሳል፣
ጀሪካን ሲሰለፍ ስብሰባ ይደገሳል።

ግጥሙ ጥሩ ነው። እኔ ግን እነዚህን ሁለት ስንኞች ሰርዤ ‹ውሃ ሕይወታችን ነው፣ በቁጠባ እንጠቀም› የሚል ነገር ተካሁበት። ማንም አላዘዘኝም። ዳይሬክተሩ እንኳ ግጥሙን አላየውም። ልጅቷ የተስተካከለውን አነበበችው፣ ከሰልፍ በኋላ ግን መጥታ ‹መምህር፣ ማነው የከለከለው?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ‹ለአንቺው ብዬ ነው› ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ትመጣለች፣ ምንም ግን አትጽፍም። እቤትም ባለቤቴ ፌስቡክ ላይ ኮሜንት በጻፍኩ ቁጥር ‹አጥፋው› ትለኛለች፣ አጠፋለሁ። ልጅቷን እየጠበቅኳት ነው ወይስ እያፈንኳት? ምን ላድርግ? ይምከሩኝ።»

መልስ፦

ሰላም መምህር። በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም፣ አንተ እያልኩህ ልቀጥል።

ልጅቷን አልጠበቅካትም። የጠበቅከው ራስህን ነው፣ እሱም ከምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ይሄን የምልህ ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም። እዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን እንዳንተ ያለ እስክሪብቶ ኪሳችን ውስጥ አለ። አንተን የሚለይህ ነገር ቢኖር አንዲት ልጅ ፊት ለፊት መጥታ መጠየቋ ነው። የኛን ማንም አይጠይቀንም።

ድሮ ሳንሱር አድራሻ ነበረው። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ቢሮ ነበረው፣ ወንበር ነበረው፣ ማኅተም ነበረው። ጽሑፍህን ታስገባለህ፣ የሚያነበው ሰው ያነባል፣ ይቆርጣል ወይ ያሳልፋል። ጥሩ ጊዜ ነበር እያልኩህ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን ጊዜ ግን «ማነው የከለከለው?» ለሚል ሰው መልስ ነበረው። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፣ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 29 ላይ የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው አለ። ቢሮው ተዘጋ። ሥራው ግን አልቆመም፣ ለየቤቱ ተከፋፈለ።

እንዴት ተከፋፈለ ካልከኝ፣ እስቲ ወደ ኋላ አስብ። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኮማንድ ፖስቱ ከውጭ አገር የሚሠራጩትን ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ከልክሎ ነበር። ሳሎንህ ቁጭ ብለህ፣ ሪሞት ይዘህ የምታየውን ማለት ነው። በየሳሎኑ ዘበኛ ሊቆም አይችልም፤ ታዲያ ማን አስፈጸመው? ድምፁን የቀነስነው እኛ፣ መጋረጃውን የጎተትነው እኛ፣ «አንተ ልጅ፣ ጎረቤት ይሰማል!» ያልነው እኛ። በ2015 ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በቪፒኤን ካልሆነ አልከፈት አሉ። ተከፈቱ ብለን ሳንጨርስ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጦርነቱ መጣ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ድርግም አለ። ያን ጊዜ ጎንደር የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ፒያሳ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ገብተህ አንድ ማኪያቶ አዘህ ግማሽ ቀን ትቀመጣለህ። አስተናጋጇ ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ከስኳሩ ጋር ታስቀምጥልሃለች። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፣ የስልኩ ስክሪን ወደ ደረቱ ዞሯል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ የሚያነበውም በአንድ ዓይኑ ነው። ብዙ ወር እንዲህ ከኖርን በኋላ ዳታው ተመለሰ። ሰዉ ግን አብሮ አልተመለሰም።

አሁን ማንም ሳይጠይቀን እንቆርጣለን። አሜሪካ ያለችው ልጅ ደውላ «አካባቢው እንዴት ነው?» ስትል እናት «አየሩ ጥሩ ነው፣ ተመስገን» ትላለች፤ ስልክ ላይ አይወራማ። የእድር ቴሌግራም ግሩፕ «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ሕግ አለው፣ መብራት ለምን እንደጠፋ የጠየቀ ሰውዬ እንኳ «ወንድም፣ ወደሱ ባንገባ» ይባላል። ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ሹፌሩ ጣቢያ ይቀይራል፣ ተሳፋሪውን በመስታወት አየት አድርጎ። ጆሮ ጠቢ ይኑር አይኑር ማንም አላረጋገጠም። መኖሩን ማሰብ ብቻውን ይበቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? ይነቅዛል እንጂ! ልጅቷ ምንም አትጽፍም ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ።

አሁን አንድ ነገር እንተማመን። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ዝም የሚባልበት ነገር አለ። ማን በየት በኩል እንዳለፈ፣ የማን ልጅ የት እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር ሲጠጣ እንደታየ፣ ይሄ ለሰልፍም ለፌስቡክም የሚሆን ወሬ አይደለም። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ቤት ሐዘን ሊገባ ይችላል። እንደዚያ ያለ ግጥም ይዛ ብትመጣ ሰርዘው፣ ቀድደህ ጣለው፣ እኔም አግዝሃለሁ። ውሃው ግን? የውሃ ፈረቃ ጎንደር ውስጥ ሚስጥር ነው እንዴ? ቢጫ ጀሪካን በር ላይ ደርድሮ ተራውን የሚጠብቅ ከተማ እኮ ነው። የአንገረብ ግድብ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንደማይበቃ ሕፃኑም ያውቃል፣ መገጭ ግድብ ያልቃል ሲባል ስንት ክረምት እንዳለፈ የትኛውም የባጃጅ ሹፌር ይነግርሃል። ልጅቷ ያደረገችው ሁሉም ሰው በየቤቱ የሚለውን ነገር ቤት እንዲመታ ማድረግ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ስንኟ ትመታለች። «ስብሰባ ይደገሳል» ያለችው ቦታ ላይ ስቄያለሁ።

ሕጉንም እናንሳው፣ ብዙ ሰው «ሕግ አለ እኮ» ይላል፣ የትኛው ሲሉት ግን ዝም ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈራው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ነው፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣውን። የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በፆታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ነው። እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሠራጨ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ይሄው አዋጅ ራሱ ደግሞ የኪነ ጥበብ ፈጠራንና የፖለቲካ ትችትን ከክልከላው ያወጣል። ስብሰባ ብሔር አይደለም፣ ጀሪካንም ሃይማኖት የለውም። ሐሰተኛ መረጃ ነው እንዳይሉህ ደግሞ ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ነው።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ለወጣቶች ደኅንነት እንዲሁም ለሰው ክብርና መልካም ስም ሲባል በሕግ ገደብ ሊጣል ይችላል ይላል። ሐሳቡ ስላልተወደደ፣ ወይ ምን ያመጣ ይሆን ተብሎ ስለተፈራ ብቻ ግን አይገደብም። «ለአንቺው ብዬ ነው» ስትላት የመጀመሪያውን መስሎህ ነበር። የሠራኸው ሁለተኛውን ነው።

እንግዲህ ሕጉ ከጎንህ ነውና ደረትህን ነፍተህ ሂድ አልልህም። ወረቀት ላይ ያለውና ቢሮ ውስጥ ያለው አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፣ በዚህ አገር በጻፈው ነገር የታሰረ ጋዜጠኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ዝም ብሎ ጀግና ሁን የሚልህ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚኖርበትን አገር ጠይቀው።

ሌላ ምክር ደግሞ አይጠፋም፤ አንዱ ባልደረባህ «በሰምና ወርቅ ትበለው፣ የሰማ ይሰማዋል» ይልሃል። ጎንደር ናትና ያምርብናል። ከአለቃ ገብረ ሃና ጀምሮ ነገርን ጠቅልሎ የሚናገር ሰው እናደንቃለን፣ አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» እያለ በሰው አፍ የልቡን የሚያስወጣ ሰውም ሞልቷል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ቅኔ ለጥበቡ ሲሆን ነው የሚያምረው። የ11ኛ ክፍል ልጅ ውሃ አልመጣም ለማለት ሰምና ወርቅ ካስፈለጋት ነገሩ ከጥበብ ወጥቶ መደበቂያ ሆነ ማለት ነው። አስተምራት፣ አዎ፣ አማርኛ መምህር ነህ። ስለፈራህ ግን አታስተምራት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከመሰረዝህ ይልቅ የከነከነኝ መተካትህ ነው። ስንኝ ሲሰረዝ ክፍቱ ቦታ ይታያል፣ ቢያንስ ጸሐፊዋ እዚህ ጋ ነገር ነበር ትላለች። አንተ ግን «በቁጠባ እንጠቀም» የሚለውን አስገባህበት፣ እሷም በራሷ አፍ፣ በራሷ ስም፣ በሞንታርቦ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አነበበችው። ውሃ ላጣ ሰው ቆጥብ ማለት ስድብ ነው። ስድቡን ለክፍል ጓደኞቿ ያደረሰችው እሷ ሆነች። ከሷ ጋር ሌሊት ተነስታ ውሃ የምትቀዳ ጎረቤቷም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆማ ሰምታታለች። ልጅቷ ጨዋ ሆና «ማነው የከለከለው?» አለችህ። እኔ ብሆን «ይሄንን ማን ጻፈው?» ነበር የምልህ።

ስለዚህ በዚሁ ሳምንት ጥራት። በክበቡ ክፍል ይሁን፣ በሩ ተከፍቶ። የሰረዝክበት ወረቀት ካለ ይዘኸው ና። «ማንም አልከለከለም፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው፣ በአንቺ ስም ሌላ ነገር መጻፌ ደግሞ ልክ አልነበረም» በላት። አታስረዝመው፣ ስለ አገሪቱ ሁኔታ ትንታኔ አትስጣት፣ እሷም እዚሁ ነው የምትኖረው። መምህር ተማሪን ይቅርታ ከጠየቀ ክብሩ ይወርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አትስማቸው።

ከዚያ ምርጫውን ለሷ ተውላት። እንዳለ ሰልፍ ላይ ልታነበው ትችላለች፣ አንተ ከጎኗ ቆመህ። ለክበቡ ብቻ ልታነበው ትችላለች። መቀየር ከፈለገችም ራሷ ትቀይረው፣ አንተ እስክሪብቶህን ኪስህ ክተት። «ይቅር፣ ተወው» ካለችህ ደግሞ ተወው፣ ወኔ የላትም ብለህ እንዳትገምታት። ቤቷ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ አባቷ ምን እንደሚፈራ የምታውቀው እሷ ናት።

እውነተኛው አደጋ ያለው ስንኙ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ነው፣ ይሄን ልብ በል። ለትምህርት ቤቱ የተነበበን ግጥም አንዱ ልጅ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ሲጭነው ሌላ ነገር ይሆናል። ፊቷ ይታያል፣ ዩኒፎርሟ ይታያል፣ ከጀርባዋ የትምህርት ቤቱ ስም አለ። ከሥሩ አንዱ «ጀግና!» ብሎ ለራሱ ፖለቲካ ይጎትታታል፣ ሌላው እናቷን ይሰድባል፣ ሦስተኛው የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነች ይጠይቃል፣ ስለ ውሃው ግን አንድም ሰው አያወራም። ልጅን መጠበቅ ካማረህ እዚህ ጋ ጠብቃት። ሰልፍ ላይ ስልክ እንዳይወጣ አድርግ፣ ክበቡ ራሱ የሚቀርጸው ነገር ካለም ወላጅ ሳይፈቅድ የትም እንዳይለጠፍ። ይሄን ከዩኒት ሊደሮቹ ጋር መነጋገር ትችላለህ፣ ስልክ ላይ እንኳን እነሱም ደስ ይላቸዋል።

ከዳይሬክተሩ ጋር ያለውንም አስብበት። እያንዳንዱን ግጥም እየወሰድክ «ይሄ ይለፍ?» አትበለው፤ ሳያስበው ሳንሱር ቢሮ ትከፍትለታለህ፣ አንዴ ከከፈትክለት ደግሞ አይዘጋውም። ይልቅ ሴሚስተሩ ሲጀምር ከልጆቹ ጋር አንድ ገጽ ደንብ ጻፉ። ሰውን በስሙ ጠርቶ መስደብ የለም፣ ብሔርና ሃይማኖት ላይ ማላገጥ የለም፣ የሰው ገመና የለም፣ ያልተረጋገጠ ወሬን ዜና ብሎ ማንበብ የለም፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል መረጃ የለም። ከዚህ ውጭ ያለው ያልፋል። የሚቀር ነገር ካለም ያስቀረው ሰው ለጸሐፊው ምክንያቱን ይነግረዋል። ደንቡን ዳይሬክተሩን አስፈርሙበትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ ወይ ሌላ ሰው «ትንሽ ለስለስ ይበል» ካለህ በትሕትና «የትኛው መስመር ነው ጋሼ? ለምን?» በለው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይሟሟል፣ ምክንያቱም ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር አያገኝም። አግኝቶ «ይሄ ይውጣ» ካለም ይውጣ፣ ከእንጀራህ ጋር አትጣላ። ለልጅቷ ግን ማን እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው ትነግራታለህ። ጥያቄዋን ሁለተኛ ጊዜ ያለ መልስ እንዳትመልሳት።

የባለቤትህን ነገር ከዚህ ጋር አንድ ላይ አትውቀጠው። እሷ የምትፈራው ደመወዝህንና ልጆቿን ነው፣ ፍርሃቷም መነሻ አለው። የሚያሳዝነው «አጥፋው» ስትልህ ዝም ብለህ ማጥፋትህ ነው፣ እሷም ዝም፣ አንተም ዝም። ማታ ስልኩን አስቀምጠህ ምን እንደምትፈራ ጠይቃት። ለማታውቀው ሰው ፎቶ ሥር የምትጽፈው ኮሜንት ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አጥፋው ነው የምልህ፣ ለኮሜንት ብሎ ትዳር አይበጠበጥም። ስለ ሥራህ፣ ስለ ተማሪዎችህ፣ ስለ ሰፈርህ ውሃ ከሆነ ግን ተነጋገሩበት፣ ምናልባት አብራህ የተሻለ አድርጋ ታስጽፍህ ይሆናል።

ልጅቷን ካነጋገርክ በኋላ ጻፍልኝ። ግጥሙንም ሙሉውን ባነበው ደስ ይለኛል፣ ግን ቸኩለህ እንዳትልክልኝ። መጀመሪያ እሷን አስፈቅዳት፣ ስሟ ይውጣ አይውጣም እሷው ትወስን።